ባሕርን እንደ ማሳ ያለሙት ሰው፦ የኮኪቺ ሚኪሞቶ ሕይወት

በሀዳር ሃካርሜል ወርቅ ቤቶች መስኮት ላይ ከወርቁና ከብሩ ጎን ነጫጭ ሉሎች በክር ተሰክተው ይታያሉ። ዋጋቸው ብዙ ሰው የሚደፍረው ነው። እናት ለልጇ ሠርግ፣ ባል ለሚስቱ ይገዛቸዋል። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ግን እንዲህ ያለ የሉል ሐብል ከነገሥታት ቤትና ከታላላቅ ባለጸጎች አንገት በቀር የትም አይታይም ነበር። ይህን ነገር ለመለወጥ ከማንም በላይ የደከሙት ሰው ትምህርታቸውን በ13 ዓመታቸው ያቋረጡ የምግብ ቤት ልጅ ናቸው፤ ጃፓናዊው ኮኪቺ ሚኪሞቶ። ሥራቸው ለሚሊዮን ሴቶች ጌጥ ሰጠ። በዚያው መጠን ደግሞ ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ እስከ ቀይ ባሕር፣ እስከ ምጽዋና ዳህላክ ድረስ፣ ሉል እየለቀሙ የሚኖሩ ሰዎችን እንጀራ አሳጣ። እዚህ የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የምግብ ቤቱ ልጅ

ሚኪሞቶ የተወለዱት በ1858 ቶባ በምትባል የጃፓን የወደብ ከተማ ነው። ቤተሰባቸው ኡዶን የተባለውን፣ በሾርባ የሚቀርብ የስንዴ ምግብ እየሠራ ይሸጥ ነበር። ኮኪቺ የበኩር ልጅ ስለነበሩ ቤተሰቡን ማገዝ በእሳቸው ጫንቃ ላይ ወደቀ። ከትምህርት ቤት ወጥተው አትክልት እያዞሩ መሸጥ ጀመሩ። የጃፓን ባሕር በር ለውጭ አገር ሰዎች የተከፈተበት ዘመን ስለነበር፣ ቶባ ላይ ለቆመ የእንግሊዝ መርከብ እንኳ አትክልትና እንቁላል መሸጣቸው ይነገራል። መርከበኞቹ ወደ እሳቸው እንዲመለከቱ ጀልባዋ ውስጥ በጀርባቸው ተኝተው ዕቃ በእግራቸው እያሽከረከሩ ያሳዩ ነበር አሉ። ይህን ጨዋታ ሸምግለው ሳለ በጃንጥላ እየተጫወቱ እንግዳ ያስቁበት ነበር።

በዚያ ባሕር ዳርቻ ሴቶች ትንፋሻቸውን ይዘው ወደ ባሕር ወለል እየጠለቁ የሚበላውንም የሚሸጠውንም ያወጣሉ። በጃፓንኛ አማ ይባላሉ። አማዎቹ ከሚያወጡት መካከል ኦይስተር የሚባለው፣ በሁለት ዛጎል መካከል የሚኖረው የባሕር እንስሳ ይገኝበታል። ሉል የሚወለደው በዚህ እንስሳ ሥጋ ውስጥ ነው። ከብዙ ሺህ ዛጎል አንዱ ደህና ሉል ቢሰጥ እንደ ዕድል ይቆጠራል።

ሚኪሞቶ በ20 ዓመታቸው ወደ ቶኪዮና ወደ ዮኮሃማ ሄደው የውጭ ነጋዴዎች ለሉል ምን ያህል ዋጋ እንደሚከፍሉ በዓይናቸው አዩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ የሉል ነገር ልባቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። ነገር ግን ዋጋው በጨመረ ቁጥር ጠላቂው በዛ፤ ትንሹም ትልቁም ዛጎል ያለ ልዩነት እየተለቀመ ባሕሩ መራቆት ጀመረ። ሚኪሞቶ በ1888 ገንዘብ ተበድረው፣ ከባለቤታቸው ከኡሜ ጋር ሆነው፣ አጎ በተባለው የባሕር ሰርጥ ኦይስተር ማርባት ጀመሩ። የመጀመሪያ ሐሳባቸው ዘሩ እንዳይጠፋ ማድረግ ነበር። ነገር ግን የተረባው ኦይስተር በገዛ ፈቃዱ ሉል አይሰጥም።

ቁስሉን በብርሃን የሚሸፍን እንስሳ

በ1890 ሚኪሞቶ ሚትሱኩሪ ካኪቺ ከተባሉት የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሊቅ ጋር ተገናኙ። ሊቁ የነገሯቸው ነገር ሕይወታቸውን አቀናው። ሉል ተአምር አይደለም። ባዕድ ነገር ወደ ኦይስተሩ ሥጋ ሲገባና መውጫ ሲያጣ፣ እንስሳው የዛጎሉን ውስጠኛ ክፍል የሚለብጥበትን የሚያብረቀርቅ ፈሳሽ በባዕዱ ነገር ላይ ይለብጥበታል። ሽፋን በሽፋን ላይ እየተደረበ ዓመታት ሲያልፉ ሉል ይሆናል። ስለዚህ ባዕዱን ነገር ሰው በእጁ ቢያስገባውስ? በሐሳብ ደረጃ ይቻላል፤ በሥራ ማሳየት ግን ቀላል አልነበረም።

ሐሳቡ ለቻይናውያን እንግዳ አልነበረም። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በወንዝና በሐይቅ ዛጎል ውስጥ ትንንሽ የቡድሃ ምስሎችን እያስገቡ በሉል ሽፋን ያስለብጡ ነበር። ክብ ሉል ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሚኪሞቶና ኡሜ ያገኙትን ሁሉ ሞከሩ፤ የሸክላ ስብርባሪ፣ ብርጭቆ፣ እንጨት፣ ብረት። ኦይስተሩ አንዳንዱን ይተፋዋል፤ በአንዳንዱ ይሞታል። ሥራው የአንድ ቀን ጥበብ፣ የብዙ ዓመት ትዕግሥት ይጠይቃል። ዛሬ የተዘራው የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ በመካከሉ ያለው ዕዳና የጎረቤት ሳቅ ነው።

በ1892 መከራው መጣ። ቀይ ማዕበል የሚባለው፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የባሕር ዕፅዋት ከልክ በላይ ተራብተው ውኃውን የሚያቀሉበትና በውስጡ ያለውን ነፍስ የሚያፍኑበት ክስተት፣ አጎ ላይ ያለውን እርባታ ፈጀው። ደግነቱ ጥቂት ኦይስተሮች ቶባ አጠገብ ባለች ትንሽ ደሴት ለብቻቸው ተቀምጠው ነበር። ሐምሌ 11 ቀን 1893 ከእነዚህ አንዱ ሲከፈት ግማሽ ክብ ሉል ከዛጎሉ ጋር ተጣብቆ ተገኘ። ሙሉ ክብ አይደለም፤ ቢሆንም በሰው እጅ የተዘራ ሉል ነበር።

በ1896 የጃፓን መንግሥት ለዚህ ዘዴ የፈጠራ መብት ሰጣቸው። ደስታቸው ግን በዚያው ዓመት በኀዘን ተተካ። ኡሜ ልጆቻቸውን ትተው ገና በ32 ዓመታቸው ሞቱ። ቤተሰቡ ዕዳ ውስጥ ሳለ ቤቱን ያቆሙት፣ ባልየውም ተስፋ እንዳይቆርጡ የያዟቸው እሳቸው ነበሩ። ሉሉ ገበያ ወጥቶ ሲከብር ለማየት አልታደሉም። ሚኪሞቶ ከዚያ በኋላ ሌላ ሚስት አላገቡም።

ክቡ ሉል የማን ነው?

ሚኪሞቶ በ1899 በቶኪዮ ጊንዛ በተባለው ሰፈር ሱቅ ከፈቱ። ግማሽ ክቡ ሉል ለቀለበትና ለጉትቻ ይሆናል፤ ለሐብል ግን አይሆንም። የሉል ገበያ ልቡ ደግሞ ሐብሉ ነው። በ1905 ቀይ ማዕበል ተመልሶ መጣና 850,000 ያህል ኦይስተር ገደለ። ሚኪሞቶ የሚሸተውን የሬሳ ክምር ጥለው አልሄዱም፤ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ እየከፈቱ ፈተሹ። ከሞቱት መካከል አምስት ክብ ሉሎች አገኙ። እያንዳንዱ ሉል በሥጋው ውስጥ ጠልቆ የተቀመጠ ስለነበር፣ ባዕዱን ነገር የት ማኖር እንደሚገባ ከዚያ ተማሩ።

እዚህ ላይ ታሪኩ በአንድ ሰው ስም ብቻ አይነገርም። በዚያው ዘመን ሁለት ጃፓናውያን በየፊናቸው ክብ ሉል የሚወጣበትን ቀላል መንገድ ደርሰውበታል። አንዱ ሚሴ ታትሱሄይ የተባሉ አናጢ ናቸው። ሁለተኛው የመንግሥት የባሕር ሳይንስ ባለሙያ የነበሩት ኒሺካዋ ቶኪቺ ሲሆኑ፣ የሚኪሞቶን ልጅ ያገቡ አማች ነበሩ። ከእነሱ ቀደም ብሎም ዊልያም ሳቪል ኬንት የተባሉ እንግሊዛዊ በአውስትራሊያ ይህንኑ ሞክረዋል። የሚሴና የኒሺካዋ ዘዴ እንዲህ ነው። ከሌላ ኦይስተር፣ ያን የሚያብረቀርቅ ፈሳሽ ከሚያመነጨው ስስ ሥጋ፣ ቁራሽ ይቆረጣል። ከዛጎል ከተሞረደ ክብ እንክብል ጋር አንድ ላይ በሕያው ኦይስተር አካል ውስጥ ይተከላል። ቁራሹ አድጎ እንክብሉን እንደ ከረጢት ይከበዋል፤ ሉሉም በከረጢቱ ውስጥ ይሠራል።

የሚኪሞቶ የራሳቸው ዘዴ እንክብሉን በሙሉ በሥጋ ጠቅልሎ በክር ማሰር ነበር። ይሠራል፤ ግን ጊዜ ይበላል። በመጨረሻ ዓለም የተቀበለው የሚሴና የኒሺካዋ መንገድ ነው፤ ዛሬም የባሕር ሉል በዚሁ ይመረታል። ኒሺካዋ የድካማቸውን ፍሬ ሳያዩ በ1909 በወጣትነታቸው ሞቱ። ይሁን እንጂ ከላቦራቶሪ የወጣውን ዘዴ ወስዶ እርባታውን ማስፋፋት፣ ሠራተኛ ማሠልጠን፣ ሱቅ መክፈት፣ ሙግት መቻል የሚኪሞቶ ሥራ ነበር። ስለዚህ ፈጣሪው ብዙ፣ ስሙ አንድ ሆነ።

ፓሪስ ላይ የተነሣው ሙግት

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሉል ከአልማዝ ጋር ይፎካከር ነበር። ካርትዬ የተባለው የፈረንሳይ ጌጣጌጥ ቤት በ1917 ኒው ዮርክ በአምስተኛው ጎዳና ላይ ያለውን ትልቅ ሕንፃ ያገኘው በሚሊዮን ዶላር የተገመተ ባለ ሁለት ድርብ የተፈጥሮ ሉል ሐብል በመለወጥ ነው። አንድ ሐብል በአንድ ሕንፃ!

የሚኪሞቶ ክብ ሉል ወደ አውሮፓ ገበያ ሲገባ ነጋዴዎቹ ደነገጡ። በዓይን ሲታይ ከተፈጥሮው አይለይም፤ ዋጋው ግን ያነሰ ነው። በ1921 በለንደን ጋዜጦች አስመሳይ ነው የሚል ጩኸት ተነሣ። በፓሪስም ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የሳይንስ ሊቃውንት ተጠየቁ። መልሳቸው የነጋዴዎቹን ክስ የሚያፈርስ ሆነ። ሽፋኑን የሠራው ኦይስተሩ ራሱ ነው፤ ልዩነቱ መነሻውን ያስገባው ሰው መሆኑ ብቻ ነው። በ1924 ክርክሩ ለሚኪሞቶ በሚስማማ መንገድ አለቀ። ሻጭ ግን ሉሉ የእርባታ መሆኑን ለገዢው መግለጽ እንዳለበት ልማድ ሆኖ ጸና።

ነገሩ ለባለ እጅ ልጆች እንግዳ አይደለም። በጎንደርም ሆነ በሌላ ቦታ ማረሻውን ከቀጥቃጩ፣ ጋኑን ከሸክላ ሠሪዋ እየገዛ በሥራው የሚጠቀም ሰው የሠሪውን እጅ በጥርጣሬ ሲያይ ኖሯል። ሚኪሞቶም በአውሮፓ የገጠማቸው ይኸው ነው፤ ሉላቸው አንገት ላይ ያምራል፣ ስማቸው ግን አታላይ ይባላል። እሳቸው ስድቡን ገበያ አደረጉት። ማንም መጥቶ እንዲያይ እርባታቸውን ከፈቱ። በየዓለም ትርኢቱ ከሉል የተሠሩ ግንቦችን አቀረቡ፤ በ1939 በኒው ዮርክ ያሳዩት የአሜሪካ የነፃነት ደወል ምስል ከ12,000 በላይ ሉሎች ነበሩበት። በ1927 አሜሪካ ሄደው ከቶማስ ኤዲሰን ጋር ሲገናኙ፣ ታላቁ ፈጣሪ በላቦራቶሪያቸው ሊሠሯቸው ካልቻሉት ነገሮች አልማዝና ሉል እንደሚገኙበት እንደነገሯቸው ይተረካል።

በ1932 ደግሞ በኮቤ ከተማ ሕዝብ ተሰብስቦ እያየ ብዙ መቶ ሺህ ሉል እሳት ውስጥ ጨመሩ። ሉሎቹ ጥራት የጎደላቸው ነበሩ። በዚያን ጊዜ ሌሎች አርቢዎች በርክተው ስለነበር፣ ሳይበስል ከኦይስተሩ የወጣ፣ ሽፋኑ የሳሳ ሉል ወደ ውጭ እየተላከ የሁሉንም ስም ያበላሽ ነበር። ያ እሳት ለገዢዎች መልእክት ነበር፤ ለተፎካካሪዎችም ማስጠንቀቂያ። በ1935 በጃፓን 350 ያህል እርባታዎች በዓመት እስከ 10 ሚሊዮን ሉል ያመርቱ ነበር።

ዳህላክ ላይ የቀረው

ምጽዋን ያየ ሰው ከወደቡ ባሻገር ከመቶ በላይ ደሴቶች ተበትነው እንዳሉ ያውቃል። የዳህላክ ደሴቶች ናቸው። የዳህላክ ሉል ከጥንት ጀምሮ ስም ነበረው፤ ሉል የሚለው ስም ራሱ ዓረቦች ሉሉ ከሚሉት ጋር አንድ ነው። ጠላቂዎቹ በበጋው ሐሩር በጀልባ ወጥተው፣ ያለ ምንም የመተንፈሻ መሣሪያ፣ ዛጎል ይለቅሙ ነበር። ከእነሱ ብዙዎቹ ባሮች ወይም የባሮች ልጆች ነበሩ። ለጉዞው ስንቅና ለቤተሰብ ቀለብ ከጀልባው ባለቤት ይበደራሉ፤ ወቅቱ ሲያልቅ ያገኙት ዕዳውን አይሸፍንም፤ በሚቀጥለው ዓመት ዕዳውን ለመክፈል ደግመው ይጠልቃሉ። ሉሉን በምጽዋ የዓረብና የባንያን ነጋዴዎች ይገዙታል፤ ከዚያ ወደ ቦምቤይና ወደ ፓሪስ ይሄዳል። በኋላ ድሬዳዋ አካባቢ የኖረው ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሄንሪ ደ ሞንፍሬ በዚህ ንግድ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ስለ ጠላቂዎቹና ስለ ነጋዴዎቹም ጽፏል።

ሁለት መከራ ተከታትሎ መጣ። በ1929 የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ ሉል የሚገዛ ባለጸጋ ጠፋ። ገበያው ቀና ሲል ደግሞ ገዢው ከጃፓን ርካሽ ሉል አገኘ። በፓሪስ ዋጋው ሲንኮታኮት ምጽዋ ላይ ያለው ነጋዴ የገዛውን ያህል እንኳ መሸጥ አቃተው፤ ነጋዴው ሲከስር ጀልባው ቆመ፤ ጀልባው ሲቆም ጠላቂው ሥራ ፈታ። በባሕሬንና በኩዌትም እንዲሁ ሆነ። እነዚያ አገሮች ግን ብዙም ሳይቆዩ ነዳጅ አገኙ፤ ባሕሬን በ1932፣ ኩዌት በ1938። ለዳህላክ እንዲህ ያለ ምትክ አልመጣለትም። ሕዝቡ ወደ ዓሣና ወደ ሌላ የባሕር ሥራ ዞረ፤ ብዙውም ተሰደደ። ባሕሬን እስከ ዛሬ የእርባታ ሉል በአገሯ እንዳይሸጥ ትከለክላለች፤ የተፈጥሮውን ሉል ስም ለመጠበቅ ነው።

በኒው ዮርክ ሕንፃ የተለወጠው ያ ሐብልም ዕጣው ይኸው ሆነ። ባለቤቷ ከሞቱ በኋላ በ1957 በጨረታ ሲሸጥ ያወጣው ከመጀመሪያ ግምቱ አንድ አምስተኛ አይሞላም ነበር። ሕንፃው ግን ዛሬም የካርትዬ ነው።

ፍርዱ ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ አያዘነብልም። የቀረው ሥራ ሳንባን የሚቀድ፣ ጆሮን የሚያደነቁር፣ በዕዳ ሰንሰለት የታሰረ ሥራ ነበር። ያንን ማንም ለልጁ አይመኝም። ነገር ግን ክፉም ቢሆን እንጀራ ነበር፤ ሲቀር የጠላቂውን ዕዳ ማን እንደሚሰርዝለት በቶኪዮም በፓሪስም ያሰበ አልነበረም።

የመጨረሻ ዘመን

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጃፓን መንግሥት የጌጥ ሥራን ስለከለከለ እርባታው ቆመ። ጦርነቱ ሲያልቅ የአሜሪካ ወታደሮች ለእናቶቻቸውና ለሚስቶቻቸው ሉል እየገዙ ወደ አገራቸው ይወስዱ ጀመር፤ የተራቆተችው ጃፓንም ከሉል የውጭ ገንዘብ አገኘች። ሚኪሞቶ በ90 ዓመታቸው እንኳ እርባታቸውን እየዞሩ ያዩ፣ እንግዳ ይቀበሉ፣ በኑሯቸውም ከልክ ያላለፉ ነበሩ። በ1905 በንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ፊት ቀርበው የዓለምን ሴቶች አንገት ሁሉ በሉል አስጌጣለሁ ብለው ቃል መግባታቸው ይነገራል። መስከረም 21 ቀን 1954 በ96 ዓመታቸው ሲሞቱ ያ ቃል ወደ እውነት ተጠግቶ ነበር። የመጀመሪያው ሉል የተገኘባት የቶባ ደሴት ዛሬ በስማቸው ትጠራለች፤ ሙዚየም አለባት፤ አማ ሴቶችም ለጎብኚ ሲጠልቁ ይታያሉ። ሐይፋ ላይ ላለ ሰው ቅርቡ የጃፓን በር ከሀዳር ወደ ላይ ወጥቶ በካርሜል ተራራ የሚገኘው የቲኮቲን የጃፓን ጥበብ ሙዚየም ነው።

ከሚኪሞቶ በኋላ እርባታው ወደ ሌሎች ባሕሮች ተስፋፋ። ታሂቲ ጥቁሩን፣ አውስትራሊያ ትልልቁን ነጭ ሉል ያወጣሉ። ቻይና ደግሞ በጣፋጭ ውኃ ዛጎል ውስጥ እንክብል ሳታስገባ፣ የሥጋ ቁራሽ ብቻ እየተከለች፣ ከአንድ ዛጎል በአሥር የሚቆጠር ሉል ታገኛለች። በወርቅ ቤቶች በርካሽ ከሚሸጠው ብዙው የዚህ ዓይነት ነው።

ለገዢ ሁለት ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ሉል በፊት ጥርስ ቀስ ብሎ ሲታሽ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሻክራል፤ ከብርጭቆ ወይም ከፕላስቲክ የተሠራው አስመሳይ ይንሸራተታል። የተፈጥሮውንና የእርባታውን ግን ጥርስም ዓይንም አይለይም፤ የሚለየው ውስጡን የሚያሳየው የራጅ ምርመራ ነው። ስለዚህ ሻጩ ተፈጥሮ ነው ብሎ ትልቅ ዋጋ ከጠራ የላቦራቶሪ ወረቀት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ዛሬ ያው ሙግት ወደ አልማዝ ዞሯል። በላቦራቶሪ የሚሠራው አልማዝ በቁሱ ከመሬት ከሚወጣው አይለይም፤ ዋጋው ግን በጣም ያነሰ ነው። በራማት ጋን ያሉ የአልማዝ ነጋዴዎች የፓሪስ ሉል ነጋዴዎች በ1921 የጠየቁትን ጥያቄ እየጠየቁ ነው። ከመሬት በሚወጣው አልማዝ የሚኖሩት የአፍሪካ ቆፋሪዎችም አሉ፤ እነሱም እንደ ዳህላክ ጠላቂዎች ከገበያው ርቀው፣ ዋጋው ሲወድቅ ግን ከሁሉ ቀድመው የሚጎዱ ናቸው።